በማስታወቂያው ላይ ያለችው እናት

ከሥራ ሲወጡ ወይም ዘንቢልዎን አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቴአትር ማስታወቂያ ዐይንዎን ሳይዘው አይቀርም። ቆመው ለመመልከት ግን ጊዜ የለዎትም፤ ልጅ ይጠብቃል፤ ያልተጣደ ድስት ይጠብቃል። ሠዓሊው የሚደክመው ለዚያች አጭር ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት የምትታየው እናት ከሆነች እንዴት ሆና ትታይ?

አንድ ቴአትር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው። ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የጻፉት ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታይቶላቸዋል። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ለመድረክ አበቁ። መነሻው ጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬሽት በ1939 እ.ኤ.አ. የጻፈው ተውኔት ነው። በብሬሽት ድርሰት ውስጥ አንዲት እናት ጋሪዋን ይዛ ጦር ሠራዊት እየተከተለች ትነግዳለች። ልጆቿን የምታሳድረው በጦርነቱ ንግድ ነው፤ ጦርነቱም ሦስቱንም ልጆቿን ተራ በተራ ይበላባታል።

ለእንዲህ ያለው ቴአትር ማስታወቂያ የሚሠራ ሠዓሊ ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ድርሰቱን ያነባል፤ ከአዘጋጁ ጋር ይመካከራል፤ ልምምዱን ያያል። ከዚያም በትንንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ብዙ ንድፍ ይሞክራል።

መጀመሪያ ወደ እጁ የምትመጣው በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን የምትጠርግ ሴት ናት። ንድፉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለየትኛዋም ያዘነች እናት ይሆናል። ድርሰቱን አጥብቆ ያነበበ ሠዓሊ ግን ጋሪውን ያስታውሳል። በመጀመሪያው ትዕይንት ጋሪውን የሚጎትቱት ሁለት ወንዶች ልጆቿ ነበሩ፤ በመጨረሻው እርሷ ብቻዋን ትጎትተዋለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ጋሪውን ስትጎትት፣ የልጆቿ ማሰሪያ ባዶውን መሬት ለመሬት ሲከተላት ቢሥል፣ እንባ ሳይሥል ተመልካቹ የጎደሉትን ይቆጥራል።

ቀጥሎ የቀለምና የፊደል ነገር ይመጣል። ቀለሙ ጥቂት ሲሆን ከሩቅ ይታያል። ፊደላችን ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተባለውን የጸጋዬን ቴአትር ርእስ እንኳ ብንመለከት፣ ሀን ከሁ የምትለየው ከጎን የወጣች ትንሽ ቅጥያ ናት። እርሷ ከቀጠነች ወይም ከደበዘዘች ርእሱ ይበላሻል። በመጨረሻም ሠዓሊው ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከመንገዱ ማዶ ያየዋል፤ ድርሰቱን ያላነበበ ሰውም «ምን ታየህ?» ብሎ ይጠይቃል። ትልልቁ ማስታወቂያ በእጅ ይሣል በነበረበት ዘመንም ሆነ ዛሬ በኮምፒዩተር ሲሠራ፣ ይህ አስተሳሰብ አልተለወጠም።

ሴትን በእንባ ወይም በውበት ብቻ መሣል የተለመደና ቀላል ነው። ሥራዋን፣ ሸክሟንና ስሌቷን መሣል ግን እርሷን ማወቅ ይጠይቃል። እኛም ማስታወቂያ ስናይ «ይህች ሴት ምን እየሠራች ነው?» ብለን የመጠየቅ ልማድ ቢኖረን መልካም ነው።

ልጆችዎንም ያለማምዷቸው። ማታ ተረት ከነገሯቸው በኋላ እርሳስና ወረቀት ሰጥተው «ከዚህ ተረት አንድ ነገር ብቻ ብትሥሉ ምኑን ትሥላላችሁ?» ይበሏቸው። የመረጡበትንም ምክንያት ይጠይቋቸው። ልጁ ተረቱን ምን ያህል እንደ ተረዳው ከመልሱ ይታወቃል።