ራዳር ውሃ አይቀምስም

«ራዳር ከመሬት በታች ግዙፍ ውሃ አገኘ!» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር እኛ አናጨበጭብም። ሳይንስ ጠልተን አይደለም። ራዳሩ ያላለውን በራዳሩ ስም የሚናገሩ ሰዎች ስለበዙብን ነው።

እስቲ ከመሣሪያው እንጀምር። የከርሰ ምድር ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልካል። ሞገዱ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ከፊሉ ይመለሳል። መሣሪያው የሚለካው የማሚቶውን ጥንካሬና ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ነው። በቃ! «ውሃ ነው» የሚለው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

በረዶ ላይ ይህ ዘዴ ተአምር ይሠራል። ቀዝቃዛ በረዶ ሞገዱን ብዙም ስለማይውጠው ኪሎ ሜትሮች ዘልቆ ይሄዳል። በአንታርክቲካ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ በረዶ ሥር የተኛውን የቮስቶክ ሐይቅ ውሰዱ። በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ራዳር ጠፍጣፋ ማሚቶ አየ። በ1996 የሐይቁ ግዝፈት ሲታተም ግን የከርሰ ምድር ንዝረት ልኬትና ሳተላይትም አብረው መስክረው ነበር። ሩሲያውያን ቆፍረው የደረሱበት በ2012 ነው። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

አፈር ላይ ስንመጣ ጨዋታው ይለወጣል። እርጥብ ሸክላና ጨዋማ ውሃ ሞገዱን ይውጡታል። በክረምት የአዲስ አበባን ዋልካ የረገጠ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም፤ እንዲህ ባለ አፈር ማሽኑ ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ ማየት ይከብደዋል።

ማሚቶ ሊያታልልም ይችላል። በ2018 የማርስ ኤክስፕረስ ራዳር ከማርስ ደቡብ ዋልታ ሥር፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ደማቅ ማሚቶ አገኘ። «ሐይቅ!» ተባለ። በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች የቀዘቀዘ ሸክላም ያንኑ ማሚቶ ሊሰጥ ይችላል ብለው ተከራከሩ።

የማርሱ ስህተት ቢሆን እንኳ የሚጠማ ሰው የለም። የቱርካናው ግን ሌላ ነው። በ2013 በጎረቤታችን ኬንያ፣ ድርቅ በማይለየው ቱርካና፣ ቢያንስ 250 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተገኘ ተብሎ ታወጀ። ጥናቱ የሳተላይት ራዳርን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ያጣመረ ነበር። መሬት ላይ ከሚጎተተው ራዳር ይለያል፤ የአዋጁ በሽታ ግን አንድ ነው። ቆፍረውም ውሃ አገኙ። ችግሩ፣ አብዛኛው ክምችት አለበት የተባለው የሎቲኪፒ ውሃ በኋላ ሲመረመር ሳይጣራ የማይጠጣ ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ላም አለኝ በሰማይ!

«ታዲያ ራዳሩን እንጣለው?» የሚለን አይጠፋም። በፍጹም! ራዳር የት እንደምንቆፍር ይጠቁመን። በጭፍን ከመቆፈር ስንት ገንዘብ ያድናል። ጥቆማን እንደ ምርቃት ሪባን መቁረጥ ግን ነውር ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ አዋጅ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ተቆፍሯል ወይ? ውሃው ላቦራቶሪ ገብቷል ወይ? ሦስቱም ካልተመለሱ ዜናው ገና አልደረሰም።

ጄሪካን አዝላ ሰዓታት የምትጓዝ እናት ቢሊዮን ሜትር ኩብ አትጠጣም። የምትጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው፤ እሱም ጨው የሌለበት።