የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በእኛ አገር ከወንዝ የሚቀዳ ሰው ውሃውን በዓይኑ ይመረምራል፤ ከጠራ ይጠጣል፣ ከደፈረሰ እስኪጠል ይጠብቃል። ይህ የአባቶቻችን ፍርድ ለጭቃ ይበቃ ይሆናል፤ ለጨርቅ ማቅለሚያ ግን አይበቃም።

በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወርቃና ወደ ለዮሌ ወንዞች ሲወርድ ኖሯል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል መሣሪያ ተተክሎለታል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነውና፣ ሌላው ፋብሪካ ቀለሙን ብቻ አጥፍቶ «አጣርቻለሁ» እንዳይለን እሰጋለሁ።

አዞ የሚባሉት ቀለሞች አየር በሌለበት ጉድጓድ በባክቴሪያ ሲሰበሩ ውሃው ይጠራል። ነገር ግን ከስባሪው አሮማቲክ አሚን ይወለዳል፤ ከዚህም አንዳንዱ ከቀለሙ የባሰ መርዝ፣ ካንሰርም አምጪ ነው። ስለዚህ ውሃው ቀጥሎ አየር እየተነፋለት ሊጣራ ይገባል። ከዚያም ዳኛው ዓይን ሳይሆን ሕይወት ያለው ፍጥረት ይሁን። ዳፍንያ የተባሉትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት በፍሳሹ ውስጥ አኑሮ፣ በ48 ሰዓት ስንቶቹ መንቀሳቀስ እንዳቆሙ መቍጠር ነው። ወይም የሰላጣ ዘር በፍሳሹ አብቅሎ ሥሩን በንጹሕ ውሃ ከበቀለው ጋር ማስተያየት ነው፤ ለዚህስ ሳሕንና ማስመሪያ ይበቃል። ሙከራው ውሃው ለመጠጥ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የተደበቀውን መርዝ ግን ያጋልጣል።

እንግዲህ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህሮቻችንም፣ ሥራውን በቤተ ሙከራችን እንጀምር። ከፋብሪካ በታች የምትቀዳው እናት ቤተ ሙከራ የላትም፤ እኛ ግን አለን።