ይቺ ምን ታደርገዋለች?

እሑድ ከሰዓት መስቀል ፍላወር አንድ ሥጋ ቤት ተጠርቼ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ከማገገሚያ ወጥቶ፣ ቤተሰቡ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ሊለው ነው። ልጁን የጣለው ትራማዶል ነው። ወገቡን ሲያመው የተጀመረች ኪኒን ናት፤ ወገቡ ዳነ፣ ኪኒኗ ግን አልቆመችም። ደሞዙ አለቀ፣ ስልኩ ተሸጠ፣ የእናቱ የአንገት ሐብል ጠፋ። አሁን ፊቱ ወዝ አግኝቷል፣ ሲያናግሩት ዓይን ዓይን ያያል። ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጃምቦው እስኪመጣ ድረስ።

አጎቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ብሎ የሚያከብራቸው ሰው፣ ብርጭቆውን በገዛ እጃቸው ፊቱ አኖሩለት። «ጠጣ እንጂ የኔ ልጅ! ይቺ ምን ታደርግሃለች?» ልጁ እናቱን አየ። እናትየው የታላቅ ቃል መመለስ ከብዷቸው ጥብሱን ማገላበጥ ጀመሩ። ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ በር ላይ የቆመውን ሱቅ በደረቴ ጠርቶ ሲጋራ ለኮሰ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው «ኪኒኑን ከተወልንማ ይሄ ምን አለበት» ብሎኝ ወደ ክትፎው ተመለሰ።

ሳምንቱን ሙሉ ያበገነኝ ይሄ ነው። እኛ ሱስ የምንለው ፖሊስ የሚያስጠራውን ብቻ ነው። ግብር የሚከፈልበትን ሱስ ሱስ አንለውም።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከመጠጥ ቤት ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም አልታረቅንም። ሰባኪ እንዳትሉኝ ግን ልንገራችሁ፦ ጥሩ ጠጅ ከተገኘ ፊቴን አላዞርም። እኔ ግን ከማገገሚያ አልወጣሁም። ልጁ ወጥቷል። ልዩነቱ ጋሼ እንዳሰቡት የወንድነት ጉዳይ ሳይሆን የሳንባና የአንጎል ጉዳይ ነው። ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ገበያ የወጣ፣ ከሞርፊን ጋር የሚዛመድ የሕመም ማስታገሻ ነው። እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል። አልኮልም ያዳክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ፦ ለወራት ከኪኒኑ ርቆ የቆየ ሰውነት የድሮውን መጠን መሸከም ይረሳል። ድሮ ለመደበኛ ቀን ይበቃው የነበረው ዛሬ ሊገድለው ይችላል። ታዲያ ሰው ወደ ድሮው የሚመለሰው መቼ ይመስላችኋል? ጠዋት ቡና እየጠጣ፣ አእምሮው ጥርት ብሎ? ሦስተኛው ጃምቦ ላይ ነው፣ «ዛሬ ብቻ» የምትባለው ነገር ብልህ መስላ ስትታይ።

የኛን አገር የሱስ ሰንሰለት ደግሞ ለናንተ ማስተማር አያስፈልገኝም። ጫቱ ያነቃል፣ ሲጋራው ያጅበዋል፣ ማታ ምርቃናውን የሚያወርደው ጨብሲ ይከተላል፣ ጨብሲው አላስተኛ ሲል አንዷ ኪኒን ትመጣለች። ከዚህ ሰንሰለት የመጨረሻዋን ቀለበት ፈትቶ የቀረውን አንገት ላይ ትቶ «ዳንክ» ማለት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

አንድ ሐኪም ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይስማማም። «አንድ በአንድ ነው የሚተወው» ይላል። «መጀመሪያ የሚገድለውን አስጥለው፤ ሲጋራውን ቀስ ብለን እንመጣበታለን። ሁሉንም ባንዴ ብትነጥቀው ጥሎህ ይሄዳል።» ሲሰሙት ደግነት ያለው ይመስላል። ቤትህ ሦስት ሌባ ገብቶ አንዱን ይዘህ ሁለቱን «እናንተ ለጊዜው ቁጭ በሉ» እንደማለት ነው። ለመሆኑ የሚገድለው የቱ ነው? አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ለአልኮልና ለሌላ ሱስ ተኝተው የታከሙ 845 ሰዎችን ሐኪሞች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱን አሳትመው ነበር። ከሞቱት 222 ሰዎች ግማሽ ያህሉን የገደለው ከትምባሆ ጋር የተያያዘ በሽታ ነው። የአልኮሉ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ያስጣሏቸው ሲገድል፣ የተዉላቸው ደግሞ የበለጠ ገደለ። የአልኮል ሱሰኞችን ማኅበር ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የነበረው ቢል ዊልሰንስ? ከመጠጥ ጋር እ.ኤ.አ. በ1934 ተለያየ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሞተው ግን ሳንባው ተበልቶ ነው፤ ሲጋራውን ለብዙ ዘመን አልተወም ነበር። ሚሊዮኖችን ከጠርሙስ ያዳነ ሰው!

«ጥሎህ ይሄዳል» ለሚለውም መልስ አለ። 19 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት፣ በሱስ ሕክምና ላይ ሳሉ ሲጋራንም ለማቆም የታገዙት ከመጠጡና ከዕፁ ርቀው የመቆየት ዕድላቸው በ25 ከመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ወዳጄ ይህን ስነግረው «የፈረንጅ ቁጥር» አለና ሲጋራውን ለኮሰ።

የፈረንጅ ቁጥር ካስጠላ የራሳችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ዳሰሳ፣ ትምባሆ የሚጠቀም አዋቂ ኢትዮጵያዊ 5 ከመቶ ብቻ ነው። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ቢሮ ያለውን ሰው ያስተኛል። «እኛ አገር ሲጋራ ችግር አይደለም» ያሰኛል። በሱስ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎችን ለይተው ከ20 አገሮች ሲቆጥሩ ግን አጫሹ 84 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የሰፈሬ ልጅ የሚኖረው በ5 ከመቶው አገር ውስጥ አይደለም፤ በ84ቱ አገር ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ጭስ እንዳይጨስ ይከለክላል። ስሙን የማልጠራው አንድ ማገገሚያ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከኋላ፣ የልብስ ማስጫው ጋ፣ ታካሚውና ጥበቃው ከአንድ ክብሪት ያቀጣጥላሉ። ጥበቃውን ብጠይቀው «ያረጋጋቸዋል ጌታዬ» አለኝ። የሚያረጋጋው ራሱ ሲጋራው የፈጠረውን ሐራራ ነው። በዚያ ላይ የሲጋራ ጭስ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ መድኃኒቶችን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። ውስጥ ነርሷ በማንኪያ የሰጠችውን ማስጫው ጋ እያጨሱ ይቀንሱታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ያልጠበቃችሁትን ልናገር። የጠበል ቦታ ሰዎች ላይ ያለኝን ክርክር አንድ ሁለት ጊዜ አንብባችኋል፤ «የሐኪም መድኃኒት ጣሉ» የሚሉትን ዛሬም አልምርም። በዚህ ነገር ግን ከሐኪም ወዳጄ ይበልጣሉ። ጠበል ሊጠመቅ የሄደ ሰው «ኪኒኑን ትቻለሁ፣ ሲጋራዬን ግን ተዉልኝ» ብሎ አይደራደርም። በሩ ላይ ሁሉንም ጥሎ ይገባል። ረመዳንም ቢሆን ከንጋት እስከ መግሪብ ሳያጨስ የሚውለው ሰው፣ ሌላ ጊዜ «ያለ ሲጋራ ሁለት ሰዓት አልቆይም» የሚለው ያው ሰው ነው። ሰው ሲታመን ይችላል። የኛ ሕክምና ታካሚውን የማያምነው ለምንድን ነው?

ማመን ብቻውን አይበቃም፤ እጅም መስጠት ያስፈልጋል። መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ለሲጋራ ማቆሚያ የሚሆን የኒኮቲን ማስቲካ ጠየቅሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ነገር ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ «ማስቲካ ውጭ ሱቅ በደረቴው ጋ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያው ሳጥን ላይ፣ ከኒያላው ጎን ተደርድሯል። ማጨሻውን የትም ታገኛለህ፣ ማቆሚያውን ግን ፋርማሲም ይስቅብሃል።

ወጪውን ማን ይችለዋል የሚለኝ አይጠፋም። መንግሥት የአገሪቱን የትምባሆ ድርጅት ድርሻ መጀመሪያ 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎ 31 ከመቶ ገደማውን በ434 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ሸጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017። ገንዘቡን ተቀብሎ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አዋጅ 1112ን አጸደቀ። በአንድ እጁ ሸጠ፣ በሌላ እጁ ከለከለ። አልከሰውም፤ ክልከላው ጥሩ ነው፣ የቢራ ማስታወቂያውንም ከቴሌቪዥናችን ያወረደልን እሱ ነው። በ2012 ደግሞ የኤክሳይዝ አዋጁ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከ30 ከመቶው በተጨማሪ 8 ብር ጣለ። ከዚያች 8 ብር ላይ አንዷን ለማገገሚያ አልጋና ለኒኮቲን ማስቲካ ቢያደርጋት ማን ያለቅሳል? አጫሹ ራሱ አያለቅስም፤ ለገዛ መዳኛው ነው የሚከፍለው።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ስጽፍ ነው የመጣልኝ። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ቀን ነው። ልጁ የሚወድቀው ማታ ነው። እስቲ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በመስቀል ፍላወር መንገድ ሂዱና ጠርሙስ የሌለበት ጠረጴዛ ፈልጉ። ጭማቂ ቤቱ ወንበሩን ገልብጧል፣ ሻይ ቤቷ ከሰሏን አጥፍታለች፤ መብራት ያለው ግሮሰሪው፣ ሥጋ ቤቱና ሙዚቃው የሚደበድበው ቤት ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ምሽቷን የለመደ ሰው ሁሉ ወደዚህም ወደዚያም ተበትኗል። ከማገገሚያ የወጣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹን የት ያግኛቸው? ቤት ተቀምጦ ከእናቱ ጋር ተከታታይ ድራማ ይይ? ያየዋል፣ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ይወጣል፤ ሲወጣ ያለው በር አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ጥያቄዬ ለጤና ሚኒስቴር ብቻ አይደለም። ለቂርቆስ ክፍለ ከተማም ነው፤ በየኮሪደሩ ዳር ኪዮስክ ስታከራዩ፣ ጥቂቱን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሻይ፣ ቡናና ዳማ ብቻ ለሚያቀርብ ሰው በቅናሽ ስጡ። አልኮል ከሸጠ ውሉ ይፍረስ። ሐኪም ወዳጄ «ሻይ ሱስ አያክምም» ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሳቅ። ቀጠሮ ሲሰጥ ለሳምንት ነው የሚሰጠው፤ በመካከል ያሉትን ሰባት ምሽቶች ታካሚው የት እንደሚያሳልፍ ግን አልጻፈለትም።