ስለ አንዲት የሕግ ቃል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ የባንክ ዘረፋን በሚቀጣው የአሜሪካ ሕግ ላይ ከዓመታት በፊት ስለ ተሰጠ ፍርድ ነው። ባልደረቦቼ ፍርዱ ጭካኔ አለበት አሉ፤ እኔ ግን አልተስማማሁም። ምክንያቴን ለአንባብያን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. የወጣው ያ ሕግ፣ ዘራፊ ሲዘርፍ ወይም ሲሸሽ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ አብሮት እንዲሄድ ካስገደደ፣ ቅጣቱ ከ10 ዓመት እሥራት አያንስም ይላል። በ2008 በኖርዝ ካሮላይና አንድ ሰው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሊዘርፍ ሞክሮ ሳይሆንለት ሸሸ፤ ሊሸሸግም ከአንዲት አረጋዊት ቤት ገባ። እርሳቸውንም ከመተላለፊያው ወደ አንድ ክፍል ወሰዳቸው። ርቀቱ ከ4 እስከ 9 ጫማ ብቻ ነበር። አረጋዊቷም በዚያው በልብ ሕመም ሞቱ።

ጠበቃው፣ አብሮ መሄድ የሚባለው ራቅ ያለ ርቀት ሲሆን ነው ብሎ ተከራከረ። በ2015 ግን የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ክርክሩን አልተቀበሉትም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ፣ በዘወትር አነጋገር ቃሉ ለአጭር ርቀትም እንደሚያገለግል፣ የተገዳጁም አደጋ በርቀቱ እንደማይለካ አስረዱ።

ለጥቂት እርምጃ 10 ዓመት ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዛሬ ዳኛ አዝኖ በሕጉ ላይ «ራቅ ያለ» የሚል ቃል ቢጨምር፣ ነገ ሌላው ተቈጥቶ «ያለ ፈቃዱ» የሚለውን ቢሠርዝ ማን ይከለክለዋል? ሕግ ከከበደ የሚያቀለው ሕግ አውጪው ነው። የእኛም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 ዳኛ ሕጉን እንዲተረጕም ፈቅዶ፣ በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ከልክሎታል። ድንበሩ ይህ ነው።

ስለዚህ ወቀሳው ከዳኛው ይልቅ ለአርቃቂው ይገባል። ደንብና መመሪያ የምናረቅ ሠራተኞችም ትምህርት እንውሰድበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ «እንዲህ ለማለት አስበን ነበር» ማለት አይረዳም። ርቀቱን መወሰን ሲገባን ብንተወው፣ የአንድ ሰው 10 ዓመት በዚያች ባልጻፍናት ቃል ላይ ሊያድር ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ