ዋናተኛው ባክቴሪያ ቤት ሲሠራ



ባለፈው ሳምንት ምንጭን ስለ ማጠር አንብበን ነበር። ንባቡ እንዳለቀ በማታው ክፍል የሚማሩ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ የኛ ምንጭ ታጥሯል። በሲሚንቶም ተሠርቷል። ታዲያ የልጅ ልጄን ተቅማጥ የማይለቀው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ውሃ የሚቀዱት በቢጫ ጀሪካን ነው።

«ይታጠባል ወይ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ከመቅዳቴ በፊት ሁለቴ አለቀልቀዋለሁ» አሉ።

ጣቴን በጀሪካኑ አፍ አስገብቼ ውስጡን ዳሰስኩት። ያሙለጨልጫል።

የልጁ ሕመም ከዚህ ብቻ መጣ ብዬ አልፈርድም። ተቅማጥ በእጅም፣ በምግብም፣ በዝንብም ይመጣል። ነገር ግን ያ የሚያሙለጨልጭ ነገር ምንድን ነው? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

ባክቴሪያ ይዋኛል

ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ትንሽ ፍጡር ነው። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባለው ዓይነት በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሺህ ያህሉ በሰልፍ ቢቆሙ ርዝመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ብዙ ባክቴሪያዎች እንደ ጅራፍ ቀጭን የሆነ ጅራት አላቸው። ይህ ጅራት ይሽከረከራል። የኢ. ኮላይ ጅራት በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ይዞራል። ባክቴሪያው በዚህ እየተገፋ በውሃ ውስጥ ይዋኛል። ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። ከሚጎዳው ነገር ይሸሻል።

ባክቴሪያ ይጣበቃል

ታዲያ እየዋኘ የዕቃውን ግድግዳ ይነካል። በዚህ ጊዜ ጅራቱ እንደ ልቡ መዞር ያቅተዋል። ባክቴሪያው ግድግዳ መንካቱ የሚታወቀው በዚህና በሌሎች ምልክቶች ነው። በሰውነቱ ውስጥ የመልእክተኛ ሥራ የሚሠራ ንጥረ ነገር ይበዛል። ይህን መልእክተኛ በ1987 እ.ኤ.አ. ሞሼ ቤንዚማንና የሥራ ጓደኞቹ በኢየሩሳሌም አገኙት።

መልእክቱ «መዋኘት ይብቃ፣ ቤት ሥራ» እንደ ማለት ነው። ባክቴሪያው ጅራት መሥራቱን ይተዋል። በምትኩ ሙጫ ያወጣል።

መጀመሪያ ላይ የተያዘው በላላው ነው። ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። ሰዓታት ሲያልፉ ግን ሙጫው ይጠነክራል። አንዱ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት ይሆናል። ሁሉም በሙጫው ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ። መንደር ሆኑ ማለት ነው። እጃችንን ያሙለጨለጨው ይህ መንደር ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከመንደሩ አንዳንዶቹ መልሰው ጅራት ያበቅላሉ። ወጥተው በንጹሑ ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ። ስለዚህ ንጹሕ የምንጭ ውሃ በዚያ ጀሪካን ሲገባ ይበከላል።

ሙጫው ጋሻ ነው

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መስተዋት ብዙ ረቂቅ ነገር አየ። በ1683 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ቆሻሻ መመርመሩን ገልጿል። በቆሻሻው ውስጥ ትንንሽ ፍጡራን ይርመሰመሱ ነበር። ጥርሱን በሆምጣጤ ቢያጥበውም የሞቱት በላይ በኩል ያሉት ብቻ ነበሩ። ሆምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

በጀሪካንም እንዲሁ ነው። ክሎሪን ብንጨምር ሙጫው ኃይሉን ይቀንስበታል። ውስጥ ያሉት ይተርፋሉ። መድኃኒቱ ሥራውን እንዲሠራ መጀመሪያ መንደሩ መፍረስ አለበት። የሚፈርሰው ደግሞ በመፈግፈግ ነው እንጂ በማለቅለቅ አይደለም።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ።

«ለጠላ ጋን ግራዋ ቆርጬ፣ አሽቼ፣ አጥኜ ነው የምጠምቀው። ለጋኑ ያደረግሁትን ለልጁ ውሃ ነፈግሁት ማለት ነው?» አሉ።

እኔስ ብሆን? ማታ የራሴን ኮዳ ዳሰስኩት። ያው ነው! አስተማሪውም ያለቀልቅ ነበር እንጂ አይፈገፍግም ነበር።

ባክቴሪያ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። በባቄላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። እሱ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ ምግብ ያደርግለታል። ለገበሬው ወዳጅ ነው።

ምን እናድርግ?

1. የጀሪካን አፍ እጅ አያስገባም። ስለዚህ አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር፣ ሳሙናና ጥቂት ውሃ እንጨምርበት። ከድነን በኃይል እንናጠው።
2. ጠጠሩን አውጥተን በንጹሕ ውሃ እናለቅልቀው። ክዳኑንም እንፈግፍግ።
3. ዘቅዝቀን እናድርቀው። ይህን ቢያንስ በየሳምንቱ እናድርግ።
4. ከዚያ በኋላ ውሃውን እናፍላ፤ ወይም በመመሪያው መሠረት ክሎሪን እንጨምር።
5. ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ጡት አናስጥለው። ኦ.አር.ኤስ. እየሰጠን ቶሎ ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው።

ጥያቄዎች

ሀ. ባክቴሪያ በምን ይዋኛል?
ለ. ግድግዳ ሲነካ ምን ማውጣት ይጀምራል?
ሐ. ማለቅለቅ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?

የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ የቤታችሁን ጀሪካን በጣታችሁ ዳስሱት። ያገኛችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ። እማማ የእርሳቸውን ጽፈው አምጥተዋል። እንዲህ ይላል፦ «ጀሪካኔ አሁን አያሙለጨልጭም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እጅ መታጠብ እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።