በሐዋላ መንገድ ላይ ተሰውሮ ስለሚቀር ገንዘብ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወንድምና አንዲት እኅትን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቤት እኛም ተጠርተን ነበር። የተጠራነውም ምክራችን ተፈልጎ አይደለም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን፥ ደግሞም በልጅነታችን ከቤተ ክህነት ትምህርት ቀጥሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጅ ፊደል ስለ ቈጠርን፥ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ደረሰኞች እንድናነብላቸው ነው። ክርክሩ የውርስ ወይም የወሰን ይሆናል ብለን ነበር፤ ነገር ግን የሐዋላ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድም በአሜሪካ፥ ዋሽንግተን አጠገብ ባለ ከተማ ሠርቶ ይኖራል። እናታቸው በእርጅና ታመው አዲስ አበባ በታናሽ እኅቱ ቤት ይጦራሉ። ለመድኃኒትና ለቀለብ እንዲሆን በየወሩ 200 ዶላር ይልካል። በላከም ጊዜ የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ በእጅ ስልኩ ተመልክቶ፥ በዶላሩ ቍጥር አባዝቶ፥ ይህን ያህል ብር ደርሷል ብሎ በደብተሩ ይጽፋል። እኅቲቱም የተቀበለችውንና ያወጣችውን በሌላ ደብተር ትጽፋለች። 14 ወር እንዲህ ከቈየ በኋላ ሁለቱ ደብተሮች ቢተያዩ የማይገጥሙ ሆኑ፤ ልዩነቱም ከ20,000 ብር በላይ ነው። ወንድም ለአንድ ዘመዱ፥ «እኅቴ ከእናቴ ገንዘብ ትቀንሳለች» ብሎ ተናገረ፤ ዘመድም እንደ ልማዱ ወሬውን ሳያሳድር አደረሰላት። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል መነጋገር ቀረ። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፥ ድምፅ ግን አይመጣም። እናትዮዋም «ልጄ ምን ሆኖ ነው የማይደውልልኝ» እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው አልተገኘም።

እኅቲቱ ደረሰኞቹን ሁሉ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ቀረበችና፥ «አባቶቼ፥ እኔ የምናገረው የለኝም፤ ወረቀቱ ይናገር» አለች።

እኛም ከሁሉ በኋላ የመጣውን ደረሰኝ አንሥተን አነበብን። የመላኪያ ክፍያ በሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል። ወንድምየው ያን መላኪያ የመረጠው ስለዚህ ነው፤ ያለ ምንም ክፍያ እንልካለን የሚል ማስታወቂያ አይቶ ነበርና። ከዚያ ዝቅ ብሎ የምንዛሪው ዋጋ ለ1 ዶላር 141 ብር ይላል፤ የደረሰውም 28,200 ብር ነው። በወንድም ደብተር ግን በዚያው ቀን የተጻፈው 1 ዶላር በ150 ብር፥ በጠቅላላው 30,000 ብር ነው። እንግዲህ 1,800 ብር፥ ማለት ከመቶ 6 እጅ፥ በመንገድ ላይ ቀርቷል። ወንድም ጨምሮ አልጻፈም፤ እኅትም አልቀነሰችም። ዜሮ ክፍያ የሚለው ወረቀት በምንዛሪው ውስጥ 12 ዶላር ወስዶ ኖሯል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሰምተው፥ «ታዲያ ወረቀቱ ዋሽቷል?» ብለው ጠየቁን። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ያስቸገረንም ይኸው ነው። ክፍያ አልወሰደም፤ ዶላሩን ግን በርካሽ ገዛ። በስልክ ላይ የሚታየው ዋጋ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው የመካከል ዋጋ ነው፤ ለተራ ላኪ በዚያ ዋጋ የሚመነዝርለት እምብዛም አይገኝም። መላኪያ ቤቱ ዶላሩን ከዚያ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይቀበልና ልዩነቱን ለራሱ ያስቀራል። ነጋዴ ያለ ትርፍ ይሥራ አንልም፤ ትርፉን ግን ዜሮ ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው።

የቀድሞ አባቶቻችን ይህን ዓይነት ነገር የማያውቁ አልነበሩም። በአሞሌ ጨው ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፥ በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ ከጨው ሜዳው አጠገብ ብዙ ነበረ፤ ወደ መሀልና ወደ ደቡብ አገር በራቀ ቍጥር ግን እያነሰ ይሄዳል። የበቅሎው ቀለብ፥ የኬላው ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ በጨው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ነበርና። ይሁን እንጂ መንገዱን ሁሉም ያውቀው ስለ ነበረ፥ ጨው በራቀ አገር ቢወደድ ገበሬ ወንድሙን ሌባ አይለውም። ዛሬ ግን ገንዘቡ በአንድ ደቂቃ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስለሚደርስ፥ መንገድ የሌለው ይመስላል፤ መንገድ ከሌለም የጐደለውን የበላው ተቀባዩ ነው ይባላል።

በዚያ ቤት ሳለን ሌላ መላኪያ በዚያው ቀን ያወጣውን ዋጋ የወንድምየው ደብተር ይዞት አገኘን፤ እርሱ ክፍያውን አይቶ ትቶት ነበር። ያኛው 5 ዶላር በግልጥ ይጠይቃል፥ ምንዛሪው ግን 149 ብር ነው። ከ200 ዶላሩ 5 ቢነሣ 195 ይቀራል፤ ይህም በ149 ሲባዛ 29,055 ብር ይሆናል። ነጻ ከተባለው በ855 ብር ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አስደገሙን፤ ሦስተኛ ጊዜ ያስደገሙን እናትዮዋ ናቸው።

ከደረሰኞቹ መካከል ሁለቱ ከባንክ ወደ ባንክ የተላኩ ነበሩ። በእነዚህ ላይ የጐደለው በሌላ መንገድ ነው። የላኪው ባንክና የተቀባዩ ባንክ በቀጥታ የማይተዋወቁ ሲሆኑ፥ ገንዘቡ በመካከል ባለ በሌላ ባንክ በኩል ያልፋል፤ ያም ባንክ የድካሙን ከገንዘቡ ላይ ቈርጦ ቀሪውን ያሳልፋል። ላኪው ሲልክ የባንኮቹን ክፍያ ሁሉ ራሴ እችላለሁ፥ ወይም እንካፈል፥ ወይም ተቀባዩ ይቻል ብሎ የሚመርጥበት ቦታ በቅጹ ላይ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ሳያነብ ያልፈዋል። ወንድምየውም አላነበበውም። ለትንሽ ገንዘብ ይህ መንገድ እጅግ ይከብዳል፤ ቤት ለመግዛት ወይም ለመሥራት ለሚላክ ብዙ ገንዘብ ግን ይሻል ይሆናል።

ሌላም መሰወሪያ አለ። አንዳንዱ መላኪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው መልካም ምንዛሪ ይሰጥና፥ ደንበኛው ከለመደ በኋላ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ላኪውም በመጀመሪያው ቀን ያየውን ዋጋ እያሰበ ይኖራል። በብድር ካርድ የሚከፍል ሰው፥ ካርዱን የሰጠው ባንክ ነገሩን ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ቈጥሮ ክፍያና ወለድ ሊጨምርበት ይችላል፤ ይህም በመላኪያው ደረሰኝ ላይ አይታይም፥ በወሩ መጨረሻ ከባንክ በሚመጣው ወረቀት ላይ ነው የሚገኘው። በአሜሪካ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም ይህን በመሰለ የክፍያ ወረቀት ወደ ውጭ አገር በሚላክ ገንዘብ ላይ ከመቶ 1 እጅ ግብር ይከፈላል። ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ በተሰጠ የባንክ ካርድ የሚላከው ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነው። ጥሬ ዶላር ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄደው ብዙ ጊዜ የባንክ ሒሳብ የሌለው ድኻ ስለ ሆነ፥ ግብሩ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግልጥ ነው።

በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሚልኩት ጥቂት ጥቂት ነው፤ የመላኪያው ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው። 5 ዶላር ከ200 ዶላር ላይ ሲነሣ ከመቶ 2 እጅ ተኩል ነው፤ ከ50 ዶላር ላይ ሲነሣ ግን ከመቶ 10 እጅ ይሆናል። የሁለት ወሩን አንድ ጊዜ ላኪ ብሎ መምከር ለእኛ ቀላል ነው፤ አገር ቤት ያለው የኪራይ ቀንና የመድኃኒት ቀን ግን ሁለት ወር አይጠብቅም። የሚቻላት ብታደርገው መልካም ነው ብለን እናልፋለን።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ያየ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያውቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ በባንክ 1 ዶላር የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ሲሆን፥ በጥቍር ገበያ ግን የዚያ እጥፍ ያህል ነበር። በሕጋዊ መንገድ የላከ ሰው የገንዘቡን እኩሌታ ያጣ ይመስለው ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ዶላሩን በውጭ አገር ለአንድ ሰው ሰጥቶ፥ ብሩን በአገር ቤት ከሌላ ሰው መቀበልን ለመደ። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስላደረገ፥ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጡ ጀመር፤ ዋጋቸውም ከባንክ ባንክ ይለያያል፥ ተቀባዩ የትኛው ባንክ እንደሚሻል ሊጠይቅ ይገባዋል። ልማዱ ግን በብዙዎች ዘንድ ቀርቷል። እኛ በሥራችን ምክንያት የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይህ መንገድ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ደረሰኝ የለውም። ብሩን አደርሳለሁ ያለው ሰው ስልኩን የዘጋ እንደ ሆነ፥ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚያሳየው ወረቀት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይከሳል? ከሳሽ ቢሆንም እርሱ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል።

ታላላቆቹ መንግሥታት ይህን ነገር ሳያስቡት የቀሩ አይደሉም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 8ቱ ባለጸጎች አገሮች በጣልያን አገር በላኲላ ተሰብስበው የሐዋላን ወጪ በ5 ዓመት ውስጥ ወደ ከመቶ 5 እጅ ለማውረድ አሳብ አቀረቡ፤ አልሆነም። በ2015 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 ከመቶ 3 እጅ በታች እንዲሆን ወሰኑ። የዓለም ባንክ እየመረመረ የሚያወጣው መካከለኛ ወጪ ግን ዛሬም ከ6 እጅ በላይ ነው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካም ከዚያ ይበልጣል። የእኛን ወንድም ደረሰኝ ከዚህ ጋር ብናስተያየው፥ የተለየ ክፉ ዕድል አልገጠመውም፤ የሁሉ ዕጣ ነው የደረሰው።

በአሜሪካ ያለ ላኪ ግን የሚይዘው ሕግ አለው። ከ2013 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ፥ ይህን ሥራ በሙያ የያዘ ቤት ሁሉ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፥ ምንዛሪውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን ገንዘብ በተቀባዩ አገር ብር አስልቶ እንዲያሳይ ግዴታ አለበት። ላኪው ከከፈለ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፥ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ፥ ሊሰርዝ ይችላል፤ ስሕተት ቢያገኝም በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላል። ሆኖም ሕጉ ምንዛሪው ከገበያው ዋጋ በምን ያህል እንደ ራቀ እንዲናገር መላኪያውን አያስገድደውም፤ ያንን ላኪው ራሱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ የነገርናቸው ይህ ነው፤ ክፍያው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቅር፥ ምንዛሪው ስንት ነው ማለትም አይበቃ፤ ከኪሴ በጠቅላላው 200 ዶላር ቢወጣ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቅ። ያንንም ቍጥር በብር ለተቀባዩ በዚያው ቀን ይጻፍለት፤ በዶላር የላከ ሰው በብር የተቀበለውን ሰው የሚጠራጠረው ቋንቋቸው ስለማይገጥም ነው።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ ዋሽንግተን አስደወሉ። እኅቲቱ ደረሰኙን ይዛ፥ «ጋሼ፥ የጻፉትን ያንብቡልኝ፤ እኔም የደረሰኝን አነባለሁ» አለች። እርሱ 30,000 አለ፤ እርስዋ 28,200 አለች። ምንዛሪውን እንዲያነብ ብንጠይቀው ጥቂት ፈልጎ 141 የሚለውን አገኘ፤ ከዚያም ረዥም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ፥ «እቴ፥ ይህ በመጀመሪያውም ቀን እዚህ ተጽፎ ነበርን?» አላት። ተጽፎ ነበር አለችው።

ስልኩ ለእናትዮዋ ተሰጠ፤ እኛም ለመነሣት ወገብ ቀና አደረግን። እኅቲቱ ግን በር ላይ አስቆመችንና፥ የ14ቱን ወር ስሌት በአማርኛ ጽፈን እንድንፈርምላት ለመነችን። ታርቃችሁ የለምን ብንላት፥ «ታርቀናል፤ ቢሆንም ዘመድ ሌላ ወሬ ያመጣ እንደ ሆነ ብዬ ነው» አለች። ጽፈን ሰጠናት፤ ከደረሰኞቹ ጋር አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።