ሰዓቱ ንባብን ነው የሚለካው ወይስ ምላስን?

ለወላይታ ዞን ትምህርት መምሪያ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ የሚንተባተቡ ተማሪዎችን የንባብ ምዘና ይመለከታል

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ንባብ በተራ ነበር። ከፊት ወንበር ይጀመርና እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንቀጽ ያነባል። እኔ ሌላው ሲያነብ አልሰማም። ከፊቴ ያሉትን ልጆች ቆጥሬ የምትደርሰኝን አንቀጽ አገኝና በሆዴ እደግማታለሁ። የመጀመሪያዋ ቃል በ«ደ» ከጀመረች አለቀልኝ። ሁለት ልጅ ሲቀር እጄን አውጥቼ ሽንት ቤት እጠይቃለሁ። አንድ ቀን መምህሩ ከለከሉኝ። ቆምኩ። «ደ… ደ… ደ…» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ገና ፊደል አልለየህም፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ያችን አንቀጽ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃታለሁ።

ይህን የማነሳው ቂም ይዤ አይደለም። ዘንድሮ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ይንተባተባል። ቤት ውስጥ ለእህቱ ተረት እያነበበ የሚያስተኛት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣው ወረቀት ላይ «ማንበብ ይቀረዋል» ተብሎ ተጽፎበታል። የተመዘነው በሰዓት ነው፦ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል።

በደቂቃ የሚነበብ ቃል መቁጠር በአገራችን ከተለመደ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወላይታቶም በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የንባብ መጻሕፍት ከተዘጋጁላቸው 7 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ደግ ሥራ ነው። ለአብዛኛው ልጅ ፍጥነቱ የንባቡ ምልክት መሆኑንም አልክድም። ለሚንተባተብ ልጅ ግን ሰዓቱ የሚቆጥረው አፉን እንጂ ዓይኑን አይደለም። ቃሉን አይቶታል፣ ገብቶታል፣ መውጫው ላይ ተይዞበታል። በነገራችን ላይ ኮልታፋና ተብታባ አንድ አይደሉም። ኮልታፋ «ረ»ን «ለ» ይላታል፤ ተብታባ «ረ»ን አሳምሮ ያውቃታል፣ እሷ ናት እምቢ የምትለው።

ስለ መንተባተቤ በልጅነቴ ያልተባለ የለም። አንዷ አክስቴ «ውሻ አስደንግጦት ነው» ትላለች። ሌላዋ የምላሴ ሥር ያለው ክር እንዲቆረጥ ትመክራለች። (በ1841 እ.ኤ.አ. ዲፈንባህ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም የተብታባ ምላስ እስከ መቁረጥ ደርሶ ነበር፤ ደም እንጂ ፈውስ አልመጣም።) ጎረቤት ደግሞ ቤት ወላይታቶ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል እንግሊዝኛ እየተባለ ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው ይል ነበር። ይህኛውን ዛሬም ከመምህራን አፍ እሰማዋለሁ። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መናገር አያንተባትብም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሶዶ ከተማ ባልተግባባች ነበር።

ጥናት የሚለው ሌላ ነው። መንተባተብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ንግግርን የሚያቀናጀው የአንጎል አሠራር ጉዳይ ነው፤ በዘርም ይወርዳል። የአባቴ ወንድም፣ እኔ፣ ልጄ፤ ይህን ሳነብ አልገረመኝም። ከ20 ልጆች አንዱ ገደማ በሆነ ጊዜ ይንተባተባል፤ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ከ100 አንዱ ያህል አብሮት ይኖራል፤ ወንዶች ይበዛሉ። ከብልህነት ጋር አይገናኝም፤ ከውሸትም ጋር እንዲሁ። ልብ ወለዶቻችን ጥፋተኛው ሲያዝ ሁልጊዜ «ተንተባተበ» ይሉናል፤ እኔ ግን እውነት ስናገር ነው የሚብስብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ እሁድ በኳየር ሲዘምር፣ ለጊፋታ በዓል ከእኩዮቹ ጋር ሲዘፍን አንዲት ፊደል አትይዘውም። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነብም እንደዚያው። ይህ የሱ ብቻ አይደለም፤ የሚንተባተቡ ሰዎች ሲዘፍኑና ከሌላ ጋር አብረው ሲያነቡ ምላሳቸው ይፈታል። ዘዴው እንግዲህ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ቁጣ ምን እንደሚሠራም ታይቷል። በ1939 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበት ቤት ውስጥ፣ ደህና የሚናገሩ ሕፃናት ለጥናት ተብሎ «ንግግራችሁ ተበላሽቷል» እየተባሉ ተነቀፉ። ተብታባ አልሆኑም። ዝም አሉ፤ አፋቸውን መክፈት ፈሩ። ጥናቱ የተካሄደበት ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ የጠየቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ዝምታ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ከመናኸሪያ ወደ ኦቶና በባጃጅ ስሄድ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬ ወርጄ፣ በእግሬ ወደ ኋላ የተመለስኩበትን ቀን አልቆጥረውም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ላኩልን አልላችሁም። በመላ አገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረውም በቅርብ ዓመታት ነው። የምጠይቀው አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። የሚንተባተብ ልጅ ንባቡ በሰዓት አይለካ፤ ከጓደኛው ጋር አብሮ ያንብብ፣ መረዳቱም በጽሑፍ ይጠየቅ። መምህሩ ቃሉን አይጨርስለት፤ «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አይበለው፤ ዓይኑን እያየ ይጠብቀው። የሚስቅ ክፍል ካለ የሚቆጣው ክፍሉን ይሁን።

ዓለም አቀፉ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ጥቅምት 12 ላይ ይውላል፤ ሰርኩላሩ ከዚያ በፊት ርእሰ መምህራን እጅ ቢገባ መልካም ነው። ለማስረዳት ከጠራችሁኝ እመጣለሁ። ስሜን ስትጠይቁኝ ግን ትንሽ ጠብቁኝ፤ በ«ደ» ይጀምራል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሶዶ ወላጅ